ወደ አውሮፕላኑ የሚያይ ክፍል

ከወሎ ተነስቶ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው የመጨረሻዋን ሌሊት እንዴት እንደሚያሳልፋት ሁላችንም እናውቃለን። ገና ሳይነጋ ደሴን ይለቃል። ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ ጣርማበር ላይ ብርዱን ቀምሶ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተንገላቶ አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ይገባል። ዘመድ ቤት ሲደርስ በጉ ታርዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ዱዓው አለ፣ ምርቃቱ አለ፣ ቡናው እስከ በረካ አለ፣ "ይህችን ለልጄ አድርስልኝ" የሚለው ፌስታል አለ። ተጓዡ ቁጭ እንዳለ ይነጋል። በማግስቱ ዓይኑ ደፍርሶ፣ እግሩ አብጦ፣ በትራፊክ መጨናነቅ ልቡ እየተንጠለጠለ ቦሌ ይደርስና ሻንጣው ኪሎ አልፏል ተብሎ መሬት ላይ ይዘረግፈዋል።

ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ዕድሜዋ ከ65 ያለፈ፣ አውሮፕላን ውስጥ ገብታ የማታውቅ እናት ይህን ሁሉ ችላ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ባሕር ስታቋርጥ ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። እህቴ ዋሽንግተን አካባቢ ወልዳ እናቴ አራሷን ልታርሳት ነበር የምትሄደው። ስለዚህ ቦሌ አጠገብ ካሉት ረጃጅም ሆቴሎች በአንዱ፣ ማኮብኮቢያውን የሚያይ ክፍል ያዝኩላት። ዋጋው የወር ደሞዜን ከግማሽ በላይ ወሰደ። አሁንም ቢሆን እከፍለዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ቁጣው። እናቴ፣ "ወንድሜ ቤት እያለ በገንዘብ ልተኛ?" አለች። አጎቴ ስልኩን እንዳነሳ፣ "እኔ ሞቼ ነው እህቴ ሆቴል የምታድረው?" አለኝ። እኛ አገር ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል ማደር ሰውየውን በአደባባይ እንደማዋረድ ነው የሚቆጠረው። "ጋሼ፣ ቤትዎን ንቀን አይደለም። ትተኛልኝ ብዬ ነው። እርስዎ ከነቤተሰብዎ ወደ እኛ ይምጡ፣ ቡናውን እዚያው እንጠጣለን" አልኩት። ዝም አለ። ዝምታው እሺ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልዘጋብኝም።

ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን እንሂድ ብያትም ነበር። ደሴ የራሷ ማረፊያ የላትም፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርደን የኮምቦልቻውን ነው የምንጠቀመው። እናቴ፣ "አንዴ ይበቃኛል፣ ለአንድ ጉዞ ሁለቴ አልሰቀልም" ብላ በአውቶቡስ አመጣችኝ።

ቦሌ ዙሪያ የዚህ ዓይነት ሆቴል በሽ ነው። ትልቁ የአየር መንገዱ ስካይላይት ነው። ጥር 2011 ዓ.ም. ሲከፈት 373 ክፍሎች ነበሩት፤ ማስፋፊያው ሲጨመርበት ከ1,000 አልፏል። እኛ ያረፍነው ከእሱ በብዙ የሚያንስ ሌላ ሆቴል ነው፤ ክፍላችን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ ሕንጻ እንደልቡ አይረዝምም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው መስፈርት፣ በትላልቅ ማረፊያዎች ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከማረፊያው በላይ 45 ሜትር ያለው አየር ነጻ እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚያ የሚያልፍ ሕንጻ ተጠንቶ ካልተፈቀደለት አይሠራም። 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የቆመው ከዚህ ራቅ ብሎ መሃል ከተማ ነው። ይህ ገደብ ለእንግዳው ደግ ነገር ያመጣል፦ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሆነህ ማኮብኮቢያውን የሚጋርድብህ ሕንጻ በቀላሉ ከፊትህ አይቆምም።

ለደሴ ሰው ከፍታ ብርቅ አይደለም። ጦሳ ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው አገር ቁልቁል ሲያይ ነው የኖረው። እናቴን ያስጨነቃት አሳንሰሩ ነበር። በሩ ሲከፈት ሁለት እጆቼን ጨብጣ አንድ እግሯን አስገባች፣ ሌላውን ግን ማንሳት አቃታት። በሩ ሊዘጋ ሲል ትከሻዋ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ደነገጠች። ሻንጣችንን የያዘው ልጅ ክንዱን በሩ መሃል ዘርግቶ፣ "እማማ፣ አይዘጋብዎትም። ሰው እያለ አይዘጋም፤ ይኸው እጄን ያዩታል" አላት። እጁን እያወጣ እያስገባ ደጋግሞ አሳያት። ከበሩ ጠርዝ ላይ ዓይን የማያየው ብርሃን እንዳለ፣ ያ ብርሃን በሰው ሲቋረጥ በሩ ራሱ እንደሚመለስ ነገራት። ከኋላችን ሻንጣ የያዙ ሰዎች ቆመው እየጠበቁ ነበር፤ እሱ ግን አላጣደፋትም። "ቢስሚላህ" ብላ ገባች። ማታ ለእራት ስንወርድ እኔን ገታ አድርጋ ቁልፉን ራሷ ተጫነች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሳጣት ብቻዋን ወርዳ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ስታወራ አገኘኋት።

ቦሌ ተርሚናል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ደረጃ አለ፣ ራሱ የሚከፈት በር አለ፣ ጫማና ቀበቶ አውልቁ የሚል ፍተሻ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ብቻዋን፣ ከጀርባዋ ሰልፍ እየገፋት ከምትጋፈጠው፣ ትዕግሥተኛ ሰው አጠገቧ ባለበት ቦታ ትንሽ ትንሹን ብትለምደው ይሻላል። ስለ ምንጣፉና ስለ ገበታው ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን ከከፈልኩት ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው አሳንሰሩ በር ላይ ለባከነችው ደቂቃ ነው።

ክፍሉ ውስጥ መብራቱ የሚበራው ካርዱ በሩ አጠገብ ያለው ማስገቢያ ውስጥ ሲገባ ነው። እናቴ ካርዱን አየችና፣ "ስንት ብር ተሞልቶበታል? ሌሊት እንዳያልቅብን" አለች። ቤታችን የመብራት ቆጣሪው በካርድ የሚሞላ ነውና ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ ተጨማሪ እንደማንከፍል ነገርኳት፤ እሷ ግን እንደልማዷ አንዱን ብቻ ትታ ሌላውን አጠፋች። ውኃው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በዚያ ኃይል ሲወርድ ደግሞ፣ በፈረቃ ውኃ እየጠበቀች ባልዲ ስትሞላ የኖረች ሴት ናትና፣ እጇን ከሥሩ አድርጋ ትንሽ ቆየችና "አልሐምዱሊላህ" ብላ ዘጋችው።

የሆቴሉን ሰዎች ሁለት ነገር ጠየቅናቸው፣ ሁለቱንም አደረጉልን። አንደኛው፣ ሚኒባሩ ውስጥ ያለውን መጠጥ እንዲያወጡልን ነው። መጠጡ ሲወጣ ቦታውን የያዘው የእናቴ ንጥር ቅቤ ነው። ኮምቦልቻና ሸዋ ሮቢት ላይ በሙቀቱ ቀልጦ በክዳኑ ዙሪያ ወዝቶ ነበር። እዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ወጣ፤ ላስቲክ ጠቅልለንበት ሻንጣው መሃል ቀበርነው። ሁለተኛው ቂብላው ነው። ከአዲስ አበባ መካ ማለት ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ቀጥታ ሰሜን ነው። መስኮታችን ወደ ደቡብ፣ ወደ ማኮብኮቢያው ስለሚያይ እናቴ ስትሰግድ ጀርባዋን ለአውሮፕላኖቹ ሰጥታ ፊቷን ወደ በሩ አደረገች። ሱብሒ ሰግዳ ስትጨርስ ነው ዘወር ብላ መጋረጃውን የገለጠችው።

ከዚያ ወዲያ ከመስኮቱ ብዙም አልራቀችም።

ሌሊቱን አንድም የሚያስደነግጥ ድምፅ አልሰማንም። መስኮቱ ሁለት መስታወት ነው፤ በመካከላቸው አየር አለ፤ የአንዱ ውፍረት ከሌላው ይለያል። አንዱ የሚያሳልፈውን ዓይነት ድምፅ ሌላው እንዲይዘው ተብሎ ነው። ስለዚህ እናቴ አውሮፕላንን መጀመሪያ ያየችው ያለ ጩኸቱ ነው። ይህን አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ለፈሪ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስተዋወቂያ የለም።

ማለዳ ላይ የአገር ውስጥ በረራዎቹ መነሳት ጀመሩ። ባለ ማራገቢያዎቹ፣ ኪው 400 የሚባሉት፣ ትንሽ ሮጠው ብድግ ይላሉ። "እነዚህ ናቸው ኮምቦልቻ የሚመጡት" አልኳት። እናቴ ወንበሯን አስጠግታ ዝም ብላ ስታያቸው ቆየችና ምልክት ያዘች። ከሣሩ መሃል አንዲት ትንሽ ቤት አለች። "እዚያች ቤት ጋ ሲደርስ ነው አፍንጫውን የሚያነሳው" አለች። የሚቀጥለው መጣ። "አሁን" አለች፤ ተነሳ። "አሁን" አለች፤ ተነሳ። ረፋድ ላይ ግን አንድ ትልቅ አውሮፕላን ቤቷን አልፎ ሳይነሳ መሮጡን ቀጠለ። እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። እጇ ደረቷ ላይ ነበር። ብዙ ሮጦ፣ ከቤቷ በጣም ርቆ ሄዶ ተነሳ።

"ይኼ ለምን ዘገየ?" አለችኝ።

የማውቀውን ነገርኳት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ እንደኛው እንደ ደሴ ደጋ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ክንፉን የሚያነሳው አየሩ ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን፣ ለመፍጠን ደግሞ ይበልጥ መሮጥ አለበት። ሰውም ዕቃም ነዳጅም የጫነ ትልቅ አውሮፕላን ከሆነማ ሩጫው ይረዝማል። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ገደማ የተዘረጋው ለዚህ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄደውም ከዚህ ነዳጁን ሙሉ ሞልቶ ስለማይነሳ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን፣ እዚያ ቆላ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል። እናቴ ይህን ሰምታ፣ "እንግዲያ የእኔም ይዘገያል ማለት ነው" አለች። አዎ፣ ይዘገያል አልኳት። "ካወቅሁት ምን ቸገረኝ" ብላ ተቀመጠች።

አጎቴ እኩለ ቀን ሳይሞላ ከነሚስቱ መጣ። ፊቱ አልተፈታም ነበር። ታች እንግዳ መቀበያው አጠገብ ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። አቦሉን ጠጥተን ዝም ተባለ፤ ሌሎቹ እንግዶች አንድ ሲኒ ጠጥተው ይነሳሉ። እናቴ ልጅቷን፣ "የኔ ዓለም፣ ቶናውንም አውርጂልን፤ እኛ ጀምረን አንተውም" አለቻት። በረካው ሲደርስ አጎቴ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። እኔ ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት። ከዚያ እናቴ ወንድሟን፣ "ና፣ የማሳይህ አለ" ብላ አሳንሰሩን ራሷ ጠርታ ወደ ላይ ይዛው ወጣች።

ሁለቱ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ አያቴ ማውራት ጀመሩ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ለጦርነቱ ከአዲስ አበባ መጥተው ከተማው ውስጥ ነበሩ። ቦምቡ ቤት አቃጠለ፣ ሰው ፈጀ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበትን ሆስፒታል ሳይቀር መታ። አያቴ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች። በእናቷ ጀርባ ታዝላ ወደ ጦሳ ሽቅብ ሲሸሹ አንገቷን አዙራ ያየችው ነገር ዕድሜ ልኳን አልወጣላትም። ጦርነቱ ካለፈ፣ አገር ከተረጋጋ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ልጆቿን ከግቢ ጠርታ ታስገባ ነበር። እሷ ራሷ ግድግዳውን ተደግፋ ድምፁ እስኪርቅ ትቆማለች። እናቴም አጎቴም ያደጉት እንደዚያ ነው፤ አውሮፕላን ሲመጣ ወደ ቤት መሮጥን ከእርምጃ ጋር አብረው የተማሩ ልጆች ናቸው። ኋላም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን ያየ ሰው ሰማይን በክፉ ቢያይ አይፈረድበትም።

"እማዬ የምታየው ሆዱን ብቻ ነበር" አለች እናቴ። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ተራውን የሚጠብቅ አንድ አውሮፕላን በጣቷ እያሳየች፣ "እኔ ዛሬ ጀርባውን አየሁት" አለች።

አጎቴ መልስ አልሰጠም። ወደ መስታወቱ ቀረብ ብሎ ቁልቁል ሲመለከት ቆየ።

ከሰዓት በኋላው ሥራ ነበር። እንዲህ ያለ ሆቴል ለሚያስብ ሰው የምመክረው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ የሚነሳው በምሽት ነው፤ የሆቴል ክፍል ግን ቀትር ላይ ነው የሚለቀቀው። አስቀድሞ ከተነጋገሩ የግማሽ ቀን ከፍሎ እስከ ማታ መቆየት ይቻላል። እናቴ ከዙህር በኋላ የተኛችው እንቅልፍ ነው ያን ሁሉ መንገድ ያስቻላት። ሻንጣ ተቀባዮቹ ዘንድ ሚዛን አለ። ለኢኮኖሚ የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። የበሶው ዱቄትና በርበሬው ሲመዘን አንዱ ሻንጣ አልፎ ተገኘ፤ በርጋታ አልጋ ላይ አውጥተን አከፋፈልነው፤ የተረፈውን ቡና አጎቴ ቤት መለስነው። ዊልቸርም አስቀድመን ጠየቅንላት። እናቴ መራመድ አያቅታትም፤ ግን ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው ከበር እስከ አውሮፕላኑ አብሮ ይሄዳል፣ ወረቀቱንም ያሳይላታል። እንግሊዝኛ ለማትናገር እናት ከዚህ የተሻለ ረዳት አላውቅም።

የሆቴሉ ሻትል ተርሚናሉ ጋ ለመድረስ ብዙ አልፈጀበትም። መንገዱ ዳር አንዳንድ ሴቶች ልጆች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ትናንሽ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አየሁ። አነጋገራቸው የእኛው አገር ነው፤ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ናቸው። ከእናቴ በብዙ የሚያንሱ፣ ከእሷ የባሰ ርቀትና ሥራ የሚጠብቃቸው ልጆች ናቸው። የመጀመሪያ አውሮፕላናቸውን የሚሳፈሩት እንቅልፍ ሳይተኙ፣ የሚያስረዳቸው ሰው ሳይኖር ነው። በኤጀንሲም ሆነ በመንግሥት በኩል ለእነዚህ ልጆች አንድ ሌሊት ንጹሕ አልጋና የሚያስረዳ ሰው ማዘጋጀት የማይቻል ነገር አይመስለኝም። የሚቻል ነው፤ መደረግ አለበት።

የማይጓዝ ሰው ተርሚናሉ ውስጥ ስለማይገባ የተሰነባበትነው ውጭ ነው። አጎቴ ገንዘብ በወረቀት ጠቅልሎ እጇ ውስጥ አስጨበጣት፤ ሚስቱ ዱዓዋን ውጭ ላይ ቆማ ደገመችላት። እናቴ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ቤቷን ካለፈ በኋላ ነው የሚነሳው፣ አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ልጁ ዊልቸሩን ገፋው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አጎቴ ደወለ። ሚስቱ ለዑምራ ልትሄድ ነው። ከቤታቸው ቦሌ አንድ ታክሲ ነው፤ ሆቴል የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አይደሉም። ግን፣ "ያን ሆቴል ስልኩን ታውቂዋለሽ?" አለኝ። እኔ ልያዝላችሁ ብዬ ደወልኩ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በቅንነት፣ ወደ ከተማው የሚያየው ክፍል ድምፅ ስለማይበዛበት እንደሚሻል፣ ዋጋውም ያው እንደሆነ ነገረችኝ። አይ፣ ወደ አውሮፕላኑ የሚያየውን፣ ከቻልሽም ዘጠነኛውን ፎቅ ስጪን አልኳት።